በአስራ ሰባትና በአስራ ስምንት መሃል

"ቀስ በሉ፣ ቀስ። በግራ ያለኸው ዝቅ አድርገው እንጂ፣ ወንበሩ አጋደለ እኮ" ይላል ቀናው፣ ደረጃውን በጀርባው እየወረደ፣ ሁለት እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ።

"ተዋቸው አንተ። አንተ ባወራህ ቁጥር ነው የሚንገዳገዱት" አሉ እናቱ፣ እማማ አቻምየለሽ። እሳቸው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወንበሩን አራት ጎረምሳ ይዞት፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ቋጥረው ከአራተኛ ፎቅ እየወረዱ ነው። "በሰርጌ ቀን እንኳን እንዲህ አልተጨነቁልኝም። በበቅሎ ነው የሄድኩት፣ በቅሎዋም አልተነጫነጨችም።"

"እማማ፣ በቅሎዋ ፎቅ አልወረደችማ" አለ ከኋላ የያዘው ጎረምሳ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ።

ስልሳ አራት ደረጃ ነው። ቀናው ቆጥሮታል። የካቲት ላይ የእናቱ ጉልበት እምቢ ካለ ጀምሮ እማማ ያንን ስልሳ አራት ደረጃ አንድም ቀን አልወረዱም። አምስት ወር ሙሉ፣ አንድ መኝታ ቤትና አንድ በረንዳ፣ በቃ። ቤተክርስቲያን የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ጎረቤት ካልመጣ ጎረቤት የለ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ማዶ ያለውን ብሎክ አስራ ስምንትን ያያሉ። እዚያ ግራውንድ ላይ አንዲት አሮጊት ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። "ይቺ ሴትዮ ምን ብትሠራ ነው እንዲህ የታደለችው" ይላሉ በየቀኑ። ቀናው ይህን እየሰማ እንቅልፍ አጣ። ፈለገ፣ ጠየቀ፣ ሰው አስቸገረ፣ በመጨረሻ እዚያው አስራ ስምንት ግራውንድ ላይ አንዲት ስቱዲዮ አገኘ። ከበር እስከ በር አርባ እርምጃ ብትሆን ነው።

ደረጃው ሲያልቅ እማማ "አቁሙኝ" አሉ። አቆሟቸው። ጫማቸውን አወለቁና እግራቸውን እርጥቡ መሬት ላይ አሳረፉ።

"እዚሁ ነበረች ለካ" አሉ። መሬቷን ነው።

ከዚያ ጉዞ ወደ በር። የአስራ ሰባት ጥበቃ "ጋሼ፣ ወረቀቱስ?" ሲለው ቀናው "ከኋላ ይመጣል፣ እኔ እኮ ነኝ" አለው። እውነቱን ነው፣ እሱ ነው፤ የብሎክ አስራ ሰባት ፀሐፊ። ጥበቃው ከፈተ። አልጋው ወጣ፣ ፍራሹ ወጣ፣ ቁም ሳጥኑ ወጣ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ወጣ፣ በመጨረሻ እማማ ወጡ። አራተኛ ፎቅ ያለውን ቤት ደግሞ አከራዩ ጠዋት መጥቶ ተረክቦ፣ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ በሚኒባስ ወደ ሳሪስ ሄዷል።

አስራ ስምንት በር ላይ ዘካሪያ ቆሟል። የአስራ ስምንት ጥበቃ ነው። ሳቂታ ልጅ ነው፣ ቀናውን በየቀኑ ሰላም ይለዋል፣ እማማን በረንዳ ላይ ሲያያቸው ከታች ሆኖ ኮፍያውን ያነሳላቸዋል። ዛሬም ሳቀ። እየሳቀ እጁን ዘረጋ።

"መውጫ ወረቀት።"

"ዘካሪያ፣ እኔ ነኝ እኮ።"

"አንተማ አንተ ነህ። ወረቀቱን ነው ያልኩህ።"

እዚህ ላይ ነገሩ ይጀምራል። ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ሳይት ውስጥ ያልኖረ ሰው "ወረቀት ምን አመጣው፣ እናትየውን አስገቡና በኋላ አትነጋገሩም?" ይላል። አይባልም። ይሄ ሳይት ሃያ ሁለት ብሎክ አለው፤ ሃያ ሁለት ሀገር በሉት። ቁልፍ የተሰጠ ጊዜ መንገድ አልነበረ፣ መብራት አልነበረ፣ ሌባ ብቻ ነበር። ወረዳ ሄዶ የጠየቀ "በማህበራችሁ ጨርሱት" ይባላል። ስለዚህ ሁሉም በየብሎኩ ጨረሰው። እያንዳንዱ ብሎክ በቆርቆሮ አጠረ፣ በር ሠራ፣ ጥበቃ ቀጠረ፣ ኮሚቴ መረጠ፣ ማህተም አስቀረጸ፣ ደንብ አወጣ። አንዱ ብሎክ ሌላውን አያዝዘውም። ከሁሉም በላይ የሚቀመጥ ሰው የለም።

ደንቡ ደግሞ እንደየሀገሩ ነው። አስራ ሁለት ውስጥ እሁድ ጠዋት ሚስማር መምታት ክልክል ነው። ስድስት ውስጥ ውሻ ይፈቀዳል፣ ከጮኸ ግን ባለቤቱ ተጠርቶ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ሃያ ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በር ይዘጋል፤ አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ራሱ አስር ደቂቃ አሳልፎ መጣና ጥበቃው አልከፍትም ብሎት አማቱ ቤት ሄዶ አደረ፣ በማግስቱ ስብሰባ ላይ ለጥበቃው ተጨበጨበለት። አራትና አምስት በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው ስምንት ወር አልተነጋገሩም፤ የአራት ልጅ ከአምስት ልጅ ጋር ሊጫወት ከፈለገ በዋናው መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው። ሰው ሲተዋወቅ "የት ነህ?" ሳይሆን "የስንት ነህ?" ይባባላል።

የቀናው ደንብ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ቀናው ቃሊቲ አንድ ትልቅ መጋዘን በር ላይ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ሥራው የመኪና መውጫ መጻፍ ነው። ያለ ወረቀት ሚስማር አይወጣም፤ ሾፌሩ ቢለምን፣ ቢሳደብ፣ ቢያለቅስ፣ አይወጣም። ቀናው ይሄን ሥራ ይወደዋል። ታዲያ ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ አንድ የአስራ ሰባት ተከራይ ቤት ሲለቅ የራሱን ዕቃ ከጎረቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ጭኖ ሲጠፋ ስብሰባ ተጠራ፣ ሁሉም ጮኸ፣ ቀናው እጁን አነሳ። "ደንቡን እኔ ልጻፈው" አለ።

ጻፈው። ሠላሳ አንድ አንቀጽ። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ፣ ከብሎኩ ዕቃ ይዞ ወደ ሌላ ብሎክ የሚሄድ ነዋሪ የሚሄድበት ብሎክ እንደተቀበለው የሚገልጽ ወረቀት ያመጣል ይላል። አንቀጽ አስር ላይ ደግሞ፣ ከሌላ ብሎክ የሚመጣ አዲስ ነዋሪ ከነበረበት ብሎክ በሰላም መውጣቱን የሚገልጽ ወረቀት ያመጣል ይላል። ለየብቻ ሲያዩዋቸው ሁለቱም ቆንጆ ናቸው። ጭብጨባው ለጉድ ነበር። እንዲያውም ሌሎቹ ብሎኮች ቀኑባቸው። አስራ ስምንት መጥቶ ኮፒ አደረገው። አስራ አምስት ኮፒ አደረገው። መጋቢት ላይ ሳይቱ ሙሉ በሙሉ በቀናው ደንብ ይተዳደር ነበር፤ የብሎኩን ቁጥር ብቻ ነው የሚቀይሩት። ቀናው ፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለፈ ቁጥር ደንቡ ከማሽኑ ሲወጣ ያይና ደረቱ ይነፋል።

አንድ ነገር ግን አላሰበም። መጋዘን በር ሲወጡ ያለው መንገድ ነው። እዚህ በር ሲወጡ ያለው ሌላ በር ነው።

"ዘካሪያ፣ ስማኝ" አለ ቀናው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መውጫውን ሊቀመንበራችን ጋሽ ሀብተሚካኤል ናቸው የሚፈርሙት፣ ለቅሶ ሄደዋል፣ አስር ሰዓት ይመጣሉ። እናቴን አስገባልኝና ወረቀቱን እኔ አመጣልሃለሁ።"

"እሳቸውስ ቢሆኑ መውጫውን የሚፈርሙት እኛ መቀበያ ስንሰጥህ አይደል?"

"አዎ።"

"እኛ መቀበያ የምንሰጥህ ደግሞ መውጫ ስታመጣ ነው።"

ከቀናው ኋላ ፍራሽ የያዙት ሁለት ጎረምሶች ፍራሹን መሬት ላይ አሳረፉት።

"እ፣ ገባህ?" አለ ዘካሪያ። አላሾፈም፣ አዘነለት።

በሁለቱ አጥር መሃል ያለችው መሬት ስፋቷ አራት ሜትር አትሞላም። የሁለቱም ጣሪያ ውሃ እዚያ ነው የሚወርደው። አስራ ሰባት የኔ ናት አይልም፣ አስራ ስምንት የኔ ናት አይልም፤ ምክንያቱም የኔ ያለ ማጽዳት አለበት። ሰው ሲጠራት "የማንም" ነው የሚላት። እማማ አቻምየለሽ እዚያች የማንም ላይ፣ በፕላስቲክ ወንበራቸው፣ በአልጋቸውና በቁም ሳጥናቸው መሃል ተቀመጡ።

"ምንድነው የሚጠበቀው?" አሉ።

"ትንሽ ወረቀት ነገር ናት፣ እማዬ። አሁን ታልቃለች።"

የአስራ ስምንት ሊቀመንበር ወይዘሮ ያለምወርቅ ተጠሩ። የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው የተማሪ ደብተር፣ በአንድ እጃቸው ቀይ እስክሪብቶ ይዘው መጡ። መጀመሪያ እማማን በአጥሩ ላይ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉ። "እንደምን ዋሉ እማማ፣ እንኳን ለመሬት አበቃዎት" አሉ። ከዚያ ወደ ቀናው ዞሩ።

"አልችልም።"

"እትዬ ያለምወርቅ፣ ገና ምንም አልጠየቅኩም።"

"የምትጠይቀውን አውቃለሁ። እሺ ብል ደስ ባለኝ። ግን ባለፈው ሳምንት የባሌን እህት ከነልጇ ከዚሁ በር ላይ መልሻለሁ። ከሰባት ነው የመጣችው፣ መውጫ የላትም። ባሌ እስካሁን አያናግረኝም፣ ራቱን ብቻውን ነው የሚበላው። ዛሬ አንተን ባስገባ ነገ እሱ ምን ይለኛል? ብሎኩስ ምን ይለኛል?"

"የታመመ ሰው እኮ ነው።"

"አንቀጽ አስር ላይ ስለታመመ ሰው ተጽፏል?"

አልተጻፈም። ማን እንዳልጻፈው ቀናው ያውቃል።

"በእንግድነትስ?" አለ ድንገት። "እንግዳ ይገባል አይደል? እናቴ በእንግድነት ትግባ።"

ዘካሪያ ጣልቃ ገባ። "እንግዳ ፍራሽ ይዞ አይመጣም።"

"ፍራሹ እዚህ ይቅር፣ እሷ ብቻ።"

"እንግዳ የሚቀበል ነዋሪ መጥቶ ይፈርማል" አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ። "የማን እንግዳ ናቸው?"

"የኔ።"

"አንተ የስንት ነህ?"

ይቺ ጥያቄ መልስ የላትም። አስራ ሰባት ላይ ቤት የለውም፣ ቁልፉ ሳሪስ ነው። አስራ ስምንት ገና አልተቀበለውም። ቀናው የስንትም አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ መኪና በወረቀት ሲያሳልፍ፣ ሲያቆም የኖረ ሰው፣ አሁን እሱ ራሱ ወረቀት የሌለው ጭነት ሆኖ ቆመ።

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ሐምሌ ነው፣ በደብረ ዘይት በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ከጎረምሶቹ አንዱ "ቀናው፣ እኛ የስንት ሰዓት ሰው ነን? ኳስ አለብን" አለ፣ ሌላው በክርኑ ጎሸመው። ቀናው እህቱ ጋ ደወለ፤ ጀሞ ነው የምትኖረው፣ እሷም አራተኛ ፎቅ። "መኪና ላይ እንዴት ትወጣለች፣ ጉልበቷ አይታጠፍም። ቢታጠፍስ እኔ ጋ ምን ልትሆን ነው፣ መልሳ ልትታሰር?" አለችው።

ያኔ ነው እማማ በጣታቸው የጠሩት።

"ጆሮህን።"

ጎንበስ አለ።

"ሽንት ቤት መሄድ አለብኝ።"

ቀናው ቀና ብሎ ወደ አስራ ሰባት በር አየ። የተቆለፈ አራተኛ ፎቅ። ወደ አስራ ስምንት በር አየ። ዘካሪያ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። የሳይቱ ሰው ሁሉ ደግሞ በረንዳ ላይ ወጥቷል፤ ከሁለቱም በኩል፣ እስከ አራተኛ ፎቅ፣ እንደ ስታዲየም።

"እማዬ፣ ትንሽ…"

"ትንሽ የሚባል የለም፣ ቀናው።"

"ቁም ሳጥኑን አዙሩት" የሚል ድምፅ መጣ።

ዓሊማ ነች። ዓሊማ የአስራ ሰባት ነዋሪ ነች፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልብስ ሰፊ። ትልቅ አንሶላ፣ ባልዲና አንድ ጃንጥላ ይዛ በአስራ ሰባት በር ወጣች። ጥበቃው ስለ ምንም አልጠየቃትም። "ቁም ሳጥኑን አዙሩት አልኩ እኮ። አልጋውን በዚህ በኩል አቁሙት። እናንተ ደግሞ ፊታችሁን ወደ አጥር።" ጎረምሶቹ ታዘዙ። አራቱም ቆርቆሮው ላይ ግንባራቸውን ሊያስነኩ እስኪደርሱ ዞሩ። ዓሊማ በቁም ሳጥኑና በአልጋው መሃል አንሶላውን ጋረደች፣ ለላይ በረንዳዎቹ ጃንጥላውን ዘረጋች። "ዓይናችሁን የሚያጠፋ ይጣልባችሁ፣ ግቡ ወደ ቤታችሁ" አለች ቀና ብላ። ብዙዎቹ ገቡ።

ቀናውም ዞሮ ቆመ። ከኋላው እናቱ ሲያለቅሱ ሰማ። አምስት ወር ሙሉ ሲያለቅሱ ሰምቶ አያውቅም። ዓሊማ "ምንም አይደል እማማ፣ ወላሂ ምንም አይደል፣ ሁላችንም ሰው ነን" ስትል ሰማ።

ዓሊማ ማለት እንግዲህ ቀናው ሚያዝያ ላይ የከለከላት ሴት ነች። ብሎክ አስራ አምስት ግራውንድ ላይ ለስፌት የምትሆን ክፍል አግኝታ ነበር። አስራ ሰባት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደንበኛ አይመጣላትም፤ ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ሰው በር ላይ ተመዝግቦ፣ ነዋሪዋ ወርዳ ፈርማ፣ ተመልሶ ሲወጣ ደግሞ ሱሪውን አሳይቶ፣ ማን ይችለዋል። መውጫ ስትጠይቅ ቀናው "የአስራ አምስትን መቀበያ አምጪ" አላት። አስራ አምስት "መውጫ አምጪ" አሏት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። አራተኛው ቀን ቤቱ ለሌላ ሰው ሄደ። ያን ዕለት ቀናው ጋ መጥታ "ወረቀቶቹ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፣ እኔ መሃል ላይ ቀረሁ" ስትለው እሱ ምን አላት መሰላችሁ? "ሕግ ነው እህቴ።" በኩራት ነው ያላት። አልገባውም ነበር። ዛሬ ነው የገባው፣ ያውም እዚያው መሃል ላይ ቆሞ።

አስር ሰዓት ሲሆን ጋሽ ሀብተሚካኤል ከለቅሶ መጡ። የአስራ ሰባት ሊቀመንበር ናቸው፣ የባቡር ጡረተኛ፣ ረጅም፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ። ከኋላቸው ሌላ የኮሚቴ አባል አለ። የማንም ላይ የተደረደረውን ዕቃ አዩ፣ እማማን አዩ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ምን አደረግክ?" አሉት ቀናውን።

ነገራቸው። ሲጨርስ "ጋሼ፣ አንቀጽ ዘጠኝን ዛሬውኑ እንሰርዘው" አለ።

"በምን ሥልጣን?"

"ስህተት ነው። ጭራሽ አይሠራም። እዩት እስቲ።"

"አያለሁ። ስህተት መሆኑንም አያለሁ። ግን ደንብ የሚሻረው በጠቅላላ ስብሰባ ነው፣ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ አስራ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ማስታወቂያ ተለጥፎ። ማን እንደጻፈው ልንገርህ?"

"አይንገሩኝ።"

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንድ መንገድ አለ። ልዩ ውሳኔ። አንቀጽ ሃያ ሦስት። ሦስት የኮሚቴ አባል ከተገኘ፣ ያለ መቀበያ አንድ ሰው እንዲወጣ መፍቀድ እንችላለን። እኔ አለሁ፣ እሱ አለ፣ አንተ አለህ። ሦስት ነን። አንተ ጻፍ፣ እኛ እንፈርማለን፣ ማህተሙ ቤቴ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።" ወደ አስራ ስምንት አጥር ዞሩ። "ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ ማህተም ያለበት መውጫ ካየሽ ታስገቢያቸዋለሽ?"

"ማህተም ካለውማ ደስ እያለኝ" አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ። "እኔው ራሴ ወንበሩን እይዛለሁ።"

ጎረምሶቹ ተነሱ። ዘካሪያ የበሩን ብረት ስቦ አዘጋጀ። አንዱ ለቀናው የተማሪ ደብተር ወረቀት ቀዶ ሰጠው፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ ቀይ እስክሪብቷቸውን በአጥር ላይ አሻገሩለት። ቀናው ወረቀቱን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፎ መጻፍ ጀመረ። "በአንቀጽ ሃያ ሦስት መሠረት በሦስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው ልዩ ውሳኔ ለነዋሪ…"

እዚህ ላይ እጁ ቆመ።

አንድ ጊዜ ብቻ። ለአንድ ሰው። እሱ ነው የጻፈው፣ እንዲያውም ከሥሩ አስምሮበታል፤ ኮሚቴው ለዘመድ አዝማድ በር እንዳይከፍት ብሎ። የሚቀጥለው መስከረም መጨረሻ ነው። እና ሰኞ ዕለት አንድ ሰው ለዚሁ ልዩ ውሳኔ ማመልከቻ አስገብቷል። ፋይሉ ውስጥ አለ። ቀናው ቤት ሲያፈላልግ ሰንብቶ ለኮሚቴው አላቀረበውም እንጂ አንብቦታል። የአስራ አምስቱ ክፍል እንደገና ተለቅቋል ይላል። ባለቤቱ እስከ እሁድ ጠዋት ይጠብቀኛል ይላል። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጣል ይላል። በዚህ ሁኔታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ መሥራት አልቻልኩም፣ ልጆቼን ይዤ ወደ ወሎ መመለሴ ነው ይላል። ከታች የዓሊማ ፊርማ አለ። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

"ጋሼ" አለ ቀናው በሹክሹክታ። "ሰኞ የገባ ማመልከቻ አለ።"

ጋሽ ሀብተሚካኤል ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። "እኔ ያየሁት ማመልከቻ የለም። ፋይሉ አንተ ጋ ነው" አሉ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። የምታቀርብልኝን እፈርማለሁ። ምን ጻፍክ፣ ለምን ጻፍክ ብዬ አልጠይቅህም። እናትህ ናቸው።"

"ሁለቱንም ብንጽፍስ?"

"ሁለት ስም ያለበት ወረቀት አስራ ስምንትም አስራ አምስትም አይቀበሉም። ደንቡ እነሱም ጋ አለ። አንድ ይላል።"

ቀናው ወደ አጥሩ ሌላኛው በኩል አየ። ወይዘሮ ያለምወርቅ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አዎ፣ አንድ ይላል ማለታቸው ነው።

ዓሊማ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ጃንጥላውን ለእማማ ይዛለች። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጀምረዋል። ሰምታለች። ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ቀናው እንድትጮህበት ፈለገ፤ "እኔ ነኝ የቀደምኩት፣ አንተ ሌባ" እንድትለው ፈለገ፣ ቢያንስ ያኔ የሚናደድበት ሰው ያገኛል። አልጮኸችም። እሱን ማየት ትታ የእማማን ነጠላ በትከሻቸው ላይ አስተካከለች።

ቀናው ሄደ ወደ እሷ። ምን እንደሚል ሳያውቅ ነው የሄደው።

"ዓሊማ፣ ማመልከቻሽን አንብቤዋለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ሰኞ ከሰጠሁህ ጀምሮ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ዓይኔን አታይም።"

"ምን ላድርግ?"

"እኔን ነው የምትጠይቀው?" አለች። ድምጿ አልከረረም፣ ደከመ እንጂ። "ሚያዝያ ላይ እኔ አንተን ስጠይቅህ ሕግ ነው አልከኝ። እኔ አሁን ምን ልበልህ? ለእናትህ ጻፍ ብልህ ልጆቼን ከዳሁ። ለኔ ጻፍ ብልህ ደግሞ እኚህን ሴትዮ ዝናብ ላይ ጣልኳቸው፣ ያውም ጃንጥላ ይዤላቸው። አትጠይቀኝ። አንተ ነህ ፀሐፊው።"

"ምንድነው የምትንሾካሾኩት?" አሉ እማማ። ጆሯቸው ደከም ያለ ነው፣ ዝናቡም ቆርቆሮው ላይ መንጫጫት ጀምሯል። "ጨረሱ? ልነሳ?"



"እየጻፈ ነው፣ እማማ" አለች ዓሊማ። "ትንሽ ይታገሱ።"

"ወደ ላይ ነው የምትመልሱኝ ካላችሁ ግን አልወጣም" አሉ እማማ፣ የልጃቸውን እጅ ጨብጠው። እጃቸው ቀዝቅዟል። "ወደዚያ ከወጣሁ የምወርደው በሳጥን ነው። እዚሁ እደሪ ብትለኝ አድራለሁ፤ መሬት ላይ ነኝ።" ከዚያ ወደ ዓሊማ ቀና አሉ። "አንቺም ግቢ ልጄ፣ ረጠብሽ እኮ። የኔን ነገር ልጄ ይጨርሰዋል። እሱ ሕግ ያውቃል።"

ዓሊማ አልገባችም። ጃንጥላውን ወደ እማማ ይበልጥ አዘነበለችው፤ የሷ ትከሻ ሙሉ በሙሉ ውጪ ቀረ።

ቀናው ተመልሶ ቁም ሳጥኑ ጋ ሄደ። ወረቀቱ እንዳይረጥብ ጋሽ ሀብተሚካኤል ካፖርታቸውን ከላይ ዘርግተውለታል። ከአጥሩ ወዲያ ወይዘሮ ያለምወርቅ ይጠብቃሉ፣ ዘካሪያ በሩን በእጁ ይዞ ይጠብቃል፣ አራቱ ጎረምሶች የወንበሩን እግሮች ለመያዝ ጎንበስ ብለዋል። ሁሉም አንድ ስም ነው የሚጠብቀው። ቀዩ እስክሪብቶ "ለነዋሪ" ከሚለው ቃል ቀጥሎ ባዶው መስመር ላይ አርፏል፣ ቀለሙ እዚያው ላይ እየሰፋ ነው።

እናንተ ብትሆኑ የማንን ስም ትጽፉ ነበር?